ባነር ላይ የወጣችው ራዲዮሎጂስት

የሶላፑር ከተማው አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ዳታትሬይ ለልጁ ውጤት የቸኮለውን ያህል ለራሱ ጤና ቢቸኩል ኖሮ፣ ይሄኔ ቡአው ታክሞ ታሪኩም ተረስቶ ነበር። እሱ ግን አራት ዓመት ሙሉ ሆዱን በቀበቶ ጠፍሮ አውቶቡስ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ኖረ። ልጁ ሙክታ ሐኪም ሆና እንኳ ኦፕራሲዮን የሚባል ነገር አይሰማም።

«ቢላውን መች ፈራሁ» ይላታል። «የምፈራው የሚያስተኛኝን ሰው ነው። ለማላውቀው ሰው ነፍሴን አደራ ሰጥቼ ልተኛ?»

ሙክታ የራሷ ጭንቅ ነበራት። ስፔሻሊስት ለመሆን የአገር አቀፉ ፈተና አለ። አምና ውጤቷ የትም አላደረሳትም። ዘንድሮም ቦታ ካጣች ሦስተኛ ዓመት መጽሐፍ ላይ የምትደፋበት አቅም እንደሌላት ታውቀዋለች።

ውጤቱ የመጣ ዕለት አባቷ ስልኳን ነጥቆ «ዘጠና አንድ» የሚለውን አየ። ከመቶ ዘጠና አንድ ያመጣች መሰለው። አፏን ሳትከፍት ለሰፈሩ ሁሉ ፔዳ የሚባለውን የደስታ ጣፋጭ አዞረ፤ በማግስቱም የሰፈሩ መግቢያ ላይ፣ የእሷን ፎቶ በትልቁ የራሱን በትንሹ አሳትሞ፣ «እንኳን ደስ አለሽ ራዲዮሎጂስታችን ዶክተር ሙክታ!» የሚል ባነር ሰቀለ። ራዲዮሎጂን የመረጠላትም እሱው ነው።

ዘጠና አንዱ ግን ማርክ አልነበረም። ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና አንዱን በለጠች ማለት ነው፤ ተፈታኙ ሁለት መቶ ሺህ ስለሆነ ከፊቷ አሥራ ስምንት ሺህ ሰው አለ። ራዲዮሎጂንና የቆዳ ሕክምናን ደግሞ ከፊት ያሉት ጠራርገው ይወስዱታል። ይህን ለአባቷ ልትነግረው ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስቴም ዋጠችው።

ጎረቤታቸው እማማ ሺንዴ ባገኘቻት ቁጥር ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብሰብ እያደረገች፣ «ነይ እስቲ ራዲዮሎጂስቷ፣ ይቺን ጉልበቴን በዓይንሽ አንሺልኝ!» ትላታለች። ሙክታ ሳቅ ብላ ታልፋለች፤ ባነሩ ሥር ስትደርስ ግን አንገቷን ትደፋለች።

የስፔሻሊቲ ምርጫው ቅጽ ሲሞላ ለባነሩ ብላ ራዲዮሎጂን አንደኛ አደረገች። ሁለተኛ የጻፈችው የልቧን ነው፤ የሰመመን ሕክምናን። ኦፕራሲዮን ክፍል ስትሠራ በሽተኛው ሊተኛ ሲል እጇን ጭምቅ ማድረጉን ትወደው ነበር። በዚያው ሰሞን ክረምቱ ገባና ባነሩ ከቦታው ጠፋ። «ነፋስ ወሰደው» አለ አባቷ። እሷም ነፋሱን መረቀችው።

ምደባው ወጣ። እዚያው ሶላፑር፣ መንግሥት ኮሌጅ፣ ሰመመን! ሙክታ የምትሠራበት ሆስፒታል ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሦስተኛ ዓመት የለም፤ እፎይ!

ቤት ስትደርስ አባቷ ስኩተሩን ከዝናብ በሸራ ሲሸፍን አገኘችው። ሸራውን ገለጥ ብታደርገው የገዛ ፊቷ ወጣ። የባነሩ ገመዶች አልተበጠሱም፤ አንድ በአንድ ተፈትተዋል።

«አባዬ፣ ነፋስ ቋጠሮ ይፈታል እንዴ?»

ዳታትሬይ ጭንቅላቱን አከከ። «አንድ ሐኪም አውቶቡሴ ላይ ተሳፍሮ ነበር። ዘጠና አንድ ምን ማለት እንደሆነ እስከሚወርድበት ድረስ አስረዳኝ። ይኸው ወር ሆነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ?»

ሁለቱም ሳቃቸው መጣ። ከዚያ ምደባዋን ነገረችው።

«ሰመመን? ማስተኛት ነው?» አለ። «ለእሱ ሦስት ዓመት ትማሪያለሽ? የእኔ ተሳፋሪ እንደሆነ ያለ ዶክተር ነው የሚተኛው።»

«ማስተኛቱማ ምን አለው አባዬ። የምማረው ሰው በሰላም እንዲነቃ ማድረጉን ነው።»

እጁ ወደ ቀበቶው ሄደ።

«በቃ፣ ቡአዬ ሦስት ዓመት ይታገሰኝ። አንቺ ታስተኚኛለሽ።»

«አይታገስም! የሚያስተኛህ አስተማሪዬ ነው፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

«እጄን ትይዢኛለሽ?»

«እስክትነቃ አልለቅህም።»

«እንግዲያማ» አለ ሸራውን ስኩተሩ ላይ መልሶ እየጣለ፣ «ነገም ቢሆን ውሰጅኝ።»