የተወተፈው ቀዳዳ

የአዲስ አበባ ሰው ከጅብ ይልቅ የሚፈራው ነፋስ ነው። ታክሲ ውስጥ ትንፋሽ ለትንፋሽ ተፋፍጎ ይሄዳል፤ አንዱ ተሳስቶ መስኮት ከከፈተ ግን ከኋላ ሁሉም ይጮህበታል፦ «ዝጋው እንጂ ወንድም፣ ብርድ ሊመታን ነው!» የመርካቶ ሰውማ የባሰበት ነው። ቤት ከቤት ተጣብቆ፣ የአንዱ ቤት ጭስ ሌላው ቤት እየገባ፣ ያለችውን አንዲት መስኮት ጥርቅም አድርጎ ይተኛል። ይህ ነገር ዕድሜ ልኬን ሲያናድደኝ ኖሯል። አክስቴ ግን ከማናደድ አልፈው አቃጠሉኝ።

እናቴ መርካቶ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው ግቢያችን፣ በቆርቆሮ በከለለችው ጥግ ዶሮ ታረባ ነበር። የፈረንጅ ዶሮ አይደለም። ራሷ እየመረጠች ዘራቸውን ያቆየቻቸው፣ አንገታቸው ላይ ላባ የሌላቸው የሐበሻ ዶሮዎች ናቸው። ጎረቤቱ «መላጦቹ» እያለ ይስቅባቸዋል፤ እንቁላላቸውን ለመግዛት ግን የሚቀድመው አልነበረም። እናቴ በሳንባ ሕመም ሞተች። አርባዋ ሲደርስ ዘመድ ተሰብስቦ ዶሮዎቹን ከነአውራው አረዳቸው። «ለነፍሷ ነው» አሉኝ። ለነፍሷ! ምናለ ነፍሷ ምን እንደምትወድ አንድ ሰው ቢጠይቅ? ሁሉም እጁን ታጥቦ ቀረበ። ጭዱ ውስጥ የቀሩት ጥቂት እንቁላሎች ብቻ ነበሩ። እነሱ ካልተፈለፈሉ የእናቴ ዶሮ ዘር እዚያው ላይ አበቃ ማለት ነው።

የምታቅፍ ዶሮ ስላልተረፈች ዱባይ ተራ ሄጄ ማስፈልፈያ ማሽን ገዛሁ፤ ክዳኗ የሚያሳይ፣ ሻንጣ የምታክል የፕላስቲክ ሳጥን ናት። ሻጩ ስልኩን እየነካካ፣ «ሶኬት ላይ ሰክተሽ መርሳት ነው የኔ እህት» አለኝ። ውሸታም። መመሪያው በቻይንኛ ስለሆነ የተማርኩት ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው። እንቁላል ሙቀት ብቻ አይበቃውም። ከሥር ባለው ገንዳ ውሃ በልክ ይደረግለታል። እርጥበቱ ከበዛ በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ውሃ በደንብ ስለማይተን ጫጩቱ በውሃ እንዳበጠ ይቀራል፤ ካነሰ ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስሱ ሽፋን ይደርቅና ይጣበቅበታል። መፈልፈያው ቀን ሲቃረብ ውሃው ይጨመራል፣ የአየር ቀዳዳዎቹም በደንብ ይከፈታሉ። ጫጩት መተንፈስ የሚጀምረው ከቅርፊቱ ሳይወጣ ነው፤ ያኔ አየር ካጣ ታፍኖ ይሞታል።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ አስረድቻለሁ። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ለለቅሶ መጥተው እኔ ጋ ሰንብተዋል። ማሽኗን ገና ከመጀመሪያው አልወደዷትም።

«ይሄ ሁሉ ቀዳዳ ምንድን ነው? ብርድ አይገባቸውም?»

«እትዬ፣ የሚተነፍሱበት ነው።»

«ዶሮ ስታቅፍ ቀዳዳ አላት እንዴ?»

«ዶሮዋማ ትነሣለች፣ ጥሬ ለቅማ ትመለሳለች፤ ያኔ አየር ያገኛሉ። እባክዎ እንዳይነኩት።»

«እሺ» አሉ። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል። የእሳቸው እሺ ግን ዝም በይ ማለት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ጫጩቶቹ ከውስጥ ሲጮኹ መስማት የጀመርኩ ዕለት አትክልት ተራ መሄድ ነበረብኝ። የምቸረችረው ቲማቲም በማለዳ ካልተሄደ ጥሩው አይገኝም። ከመውጣቴ በፊት ቀዳዳዎቹን አየሁ፤ ክፍት ናቸው። አንዱ እንቁላል ተሰንጥቋል። ከጭነት መኪናው ጎን ከተሸካሚና ከጋሪ ጋር እየተጋፋሁ እንኳ ልቤ እዚያ እንቁላል ላይ ነበር። የመጣልኝን ቲማቲም ሳልመርጥ ተቀብዬ በሩጫ ተመለስኩ።

ማሽኗ በጋቢ ተሸፍናለች። ጋቢውን ስገፈው ክዳኑ በውስጥ በኩል ውሃ ያንጠባጥባል፤ ምንም አይታይም። ቀዳዳዎቹ አንድ ሳይቀር በጨርቅ ቁራጭ ተወትፈዋል። ከፈትኩት። አንዳንዶቹ ምንቃራቸውን ብቻ ብቅ አድርገው ቀርተዋል። አንዱን አነሣሁት፤ ለብ ያለ ነው፣ ረጥቧል፣ አይንቀሳቀስም። ሌላውንም አነሣሁ። ሌላውንም። አንድ እንኳ አልተረፈም።

እርስዎ ማለት ከአፌ ጠፋ።

«አፍነሽ ጨረስሻቸው! አትንኪ አላልኩሽም?»

አክስቴ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተነሡ።

«እኔ ነኝ የማፍን? ብርድ እንዳይገድላቸው ብዬ ነው! እህቴን እንዳደረግሻት እንዳታደርጊያቸው ብዬ ነው!»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም።

«ሳንባዋን ታማ፣ በዚያ ብርድ፣ እኔ ሞታ ስደርስባት መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል! ማነው የከፈተው? እስከ ዛሬ ዝም ያልኩሽ ለእሷ ብዬ ነው።»

እንግዲህ ይህችን ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ነው ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ ሲበሉ የከረሙት። ለስንቱ ለቀስተኛ በጆሮው እንደነገሩት እግዜር ይወቅ። የሞተ ጫጩት በእጄ እንደያዝኩ ጮኽኩባቸው፤ ጎረቤት ይሰማል ብዬ እንኳ ድምፄን አልቀነስኩም።

«እሷ ናት ክፈቺልኝ ያለችኝ! ታፈንኩ፣ ክፈቺልኝ እያለች ለመነችኝ! ስዘጋው ታቃስታለች፣ ስከፍተው ትንሽ ትተነፍሳለች። ምን ላድርግ? እኔም በጨርቅ ልወትፍባት?»

አክስቴ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። «ታፈንኩ አለች?» አሉ።

«አለች።»

«ምነው ታዲያ አልነገርሽኝም?»

ከሁሉም በላይ ያበገነኝ ይህ ነው።

«ጠየቁኝ?» አልኳቸው።

እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ላስቲክ ውስጥ ከተትኩ። አክስቴ ወገባቸውን ይዘው ማሽኗ አጠገብ ተንበረከኩና የወተፉትን ጨርቅ ከየቀዳዳው በጥፍራቸው ይነቅሉ ጀመር።

«ይተዉት እትዬ፣ አሁን ምን ያደርጋል፤ ባዶ ነው» አልኳቸው።

አልተዉትም።