በጾም የተጣደ ሥጋ

ከባሌ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ባቄላ መልቀም ነበር። የዐቢይ ጾም ረቡዕ ነው። ጠጠሩን እኔ፣ ነቀዝ የበላውን እሱ ለየን። ከዚያ ዘፈዘፈው፤ በነጋታው አጥልሎ በጨርቅ ሸፍኖ ሊያበቅለው። ዓርብ ዐረፈ።

ባሌ ከጎጃም ተመድቦ ነቀምቴ የመጣ የባዮሎጂ መምህር ነበር። ጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ዚንክ ሰውነት በቀላሉ እንደማያገኘው፣ ተዘፍዝፎ ሲበቅል ግን እንደሚሻል ያስተማረኝ እሱ ነው። እኛ ጿሚዎቹ በበቆልት እንኖራለን። ያስጨነቀችን የልጃችን ልጅ ናት። እናቷ ቢላ ከተማ ስለምትሠራ እኛ ጋ ነው የምታድገው። ሁለት ዓመት ሲሞላት ተቅማጥ እየደጋገመ ጎድቷት እኩዮቿ በቁመት በለጧት። ጤና ጣቢያ የዚንክ እንክብል ሰጧትና፣ ከእንግዲህ ከምግብ ታግኝ፣ ከሁሉም ሥጋ ይሻላታል አሉን።

ያኔም ጾም ነበር። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ በቤቴ በጾም ሥጋ ተጥዶ አያውቅም።

"ፋሲካ እስኪደርስ ትታገሥ" አልኩት።

"ጾሙ የእኔና የአንቺ ነው። እሷ ምን አገባት?"

ነቀምቴ በጾምም ሥጋ ቤት አይዘጋም። ገዝቶ መጣ፤ ለብቻው በተገዛ መጥበሻ ጓሮ ጣደው። ጨዉን መቅመስ ስለማይችል የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለእሷ ሰጥቶ፣ "በቃው፣ እመቤቴ?" ይላታል። እሷም አኝካ ትፈርዳለች።

መምህሩን በኦሮምኛ "ባርሲሳ" የምትለው ጎረቤታችን ከአጥር ማዶ ሳቀች።

"ባርሲሳ! እርስዎ ይጾማሉ፣ እጅዎ ይገድፋል!"

"አንቺ አትጾሚም፤ ከጎመጀሽ ግቢ!"

እኔ አፍሬ ጓዳ ተደበቅሁ። ዛሬ ግን እኮራበታለሁ። ጾሙን አልሻረም፤ ልጅቷንም አላስራባትም። አምና የተገዛላት ቀሚስ ዘንድሮ ጉልበቷን አይሸፍንም።

ሐዘን ላይ የመጣልን ምግብ ሁሉ የጾም ነበር። ልጅቷ ሽሮውን ሁለቴ ጎርሳ ትተወዋለች። የሚያስታውሳት አልነበረም፤ እኔም ረስቻት ነበር። ሣልስቱ ካለፈ በኋላ ግን፣ አንድ ጠዋት ሳቅፋት ቀለለችኝ። ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ሥጋ ቤት ሄድኩ። ስመለስ እህቴ በር ላይ ቆማ፣

"በጾም? ደግሞ በሐዘን?" አለችኝ።

"ልጅ ናት፤ ታድግበታለች" አልኳት።

አሁን፣ በጾምም በፍስክም፣ ለልጅቷ ሥጋ ከትፌ የማበስለው እኔ ነኝ።