በመቀናጆ የተዛወረው ግብ ጠባቂ

ሐሙስ ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ... አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ አውድማ ዳር ቆመን የሰው ልጅ እንዲሰጠን እንለምን ነበር።

ለጋብቻ አይደለም። ለግብ ጠባቂነት ነው።

ጎንደር ያለው የሰፈራችን ቡድን አንድ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እሑድ ከተሸነፍን ወረድን፤ አቻ ከወጣን ተረፍን። ግብ ጠባቂያችን ደግሞ ሚስት አግብቶ መተማ ገብቷል። የዝውውር ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ሐሙስ አሥር ሰዓት ሲሆን ተጫዋቹ መታወቂያውን ይዞ በአካል መቅረብ አለበት። ስለዚህ የቡድኑ ሰብሳቢ ጋሽ ሞላ፣ ጸሐፊው እኔና ግብ አግቢያችን ቢኒያም በልመና በተገኘ ፒክአፕ ወጣን። ቢኒያምን የወሰድነው ለማማለያ ነው... እሱን አይቶ እምቢ የሚል ወላጅ የለም ብለን።

የምንፈልገው ልጅ ደሳለኝ ይባላል። ኳስ እሱ ዘንድ ስትደርስ ታፍራለች። ያን ሰዓት ግን መንሽ ይዞ ከአባቱ ጋር ገብስ እየወቃ ነበር። በስሜን በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ገብሱ አውድማ ላይ ለተሰጣ ሰው የታኅሣሥ ዝናብ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም።

አባትዬው አያ ፈንታ ጭዱን ከልብሳቸው እያራገፉ መጡ።

«ምነው ቆማችሁ? ለጋብቻ ከሆነ ሴቶቹን ሁሉ ድሬ ጨርሻለሁ።»

ጋሽ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ስፖርት፣ ስለ ወጣቱ ዕድል፣ ስለ ሰፈሩ ክብር ተናገሩ። አያ ፈንታ እንደ ስብከት በትዕግሥት ሰሙ። ደሳለኝ መንሹን እንደያዘ አንዴ አባቱን፣ አንዴ ፒክአፑን ያያል። መሄድ እንደፈለገ ያስታውቃል... ያለ አባቱ ቃል ግን እግሩን አያነሳም።

«ልጁ ይሂድ ነው የምትሉት?»

«አዎ፣ አያ።»

«ገብሱንስ ማን ያነሳዋል? ደመናው?»

ጋሽ ሞላ ማሊያውን፣ ጫማውን፣ ቢጎዳ የምናሳክመውን ሁሉ ዘረዘሩ። አያ ፈንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ የማውቀው መቀናጆ ነው። እናንተ አንድ በሬ አላችሁ፣ እኔ አንድ በሬ አለኝ፤ አቀናጅተን የናንተም ይታረሳል፣ የኔም ይታረሳል። ልጄን ከወሰዳችሁ አንድ ሰው ትታችሁልኝ ሂዱ።»

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሊሆን ነው።

ጋሽ ሞላ ለአፍታ እንኳ ሳያመነቱ ወደ እኔ ጠቆሙ። አያ ፈንታ ቀርበው መዳፌን ገልብጠው አዩ። ትከሻዬን ጫን ጫን አደረጉ። ጥርሴን ማየት ብቻ ነው የቀራቸው።

«ይሄስ ይቅር» አሉ ረጋ ብለው። «ይሄን ለመቀለብ ሌላ ሰው ሊያስፈልገኝ ነው።»

ከዚያ ወደ ቢኒያም ዞሩ። ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ፒክአፑን ተደግፏል። ባቱን አዩት።

«ይሄኛው ሸጋ ነው።»

ቢኒያም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጋሽ ሞላ ግን አልሳቁም... ሰማዩን አዩ፣ መንገዱን አዩ።

«ቢኒ...»

«ጋሼ፣ እንዳይሉኝ።»

«ውቂያው እስኪያልቅ ነው።»

«እሑድ ማን ሊያገባላችሁ ነው?»

«እኛን የቸገረን ማግባት አይደለም፤ የሚገባብን ነው። አቻ ይበቃናል።»

«ዓመቱን ሙሉ ያገባሁትስ?»

«ዋጋ ያለው ሰው ነው የሚፈለገው፣ ልጄ። ያንን ይቅር ሲሉ አልሰማህም?»

ያ እኔ ነኝ።

የመጀመሪያዋ ጠብታ የፒክአፑ ኮፈን ላይ ጠብ አለች። ቢኒያም ደሳለኝን አየው። ደሳለኝ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ፤ አልለመነም። ቢለምን ኖሮ ቢኒያም እምቢ ይል ነበር ብዬ አስባለሁ... መነጽሩን አውልቆ ሰጠኝ። ነጭ ጫማውንም አወለቀ። ሄዶ መንሹን ከደሳለኝ እጅ ተቀበለ።

«በየት በኩል ነው የሚያዘው?»

የምዝገባው ጸሐፊ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ነው የደረስንበት። እሑድ ደሳለኝ ከግቡ ፊት እንደ ግንብ ቆሞ ዋለ። እኛም በበኩላችን ተቃራኒው በር ላይ አንዴም አልደረስንም። ባዶ ለባዶ። ተረፍን። ጋሽ ሞላ ሜዳው መሐል ተንበርክከው መሬት ሳሙ።

ሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለ። አያ ፈንታ ናቸው። ጋሽ ሞላ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ገብሱ ገብቷል፣ እግዜር ይስጥልኝ። በሬያችሁ መጀመሪያ ቀን አልቅሶ ነበር፤ ኋላ ሸጋ ሆነ። በሉ ውሰዱት። የኔን ደግሞ አምጡልኝ።»

«አያ፣ ደሳለኝ እኮ የተመዘገበው ለዓመት ነው።»

«መዝገቡ እናንተው ዘንድ ይቀመጥ። ልጁ ግን ይመጣል።»

ጋሽ ሞላ ቁጭ አሉ። ሥራው ሲያልቅ በሬ ወደየጌታው እንደሚመለስ እኔም እሳቸውም እናውቃለን፤ ሁለታችንም የገበሬ ልጆች ነን። ያን ቀን ግን ሰዓቱና ደመናው አስክረውን ነበር... ልጁን ጠቅልለን የወሰድነው መስሎን።

ድርድሩ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። ደሳለኝ እንዲቆይ ተፈቀደ፤ በምትኩ ቡድኑ በሙሉ፣ ተጠባባቂና አሠልጣኝ ሳይቀር፣ ቅዳሜ ለአጨዳ ይወጣል። አያ ፈንታ እንዳይመጣ ብለው በስም ጠርተው ያስቀሩት አንድ ሰው ብቻ ነው። ስሙን አልናገርም።

የዝውውር መስኮቱ ተዘግቷል ይላሉ... አያ ፈንታ ማሳ ላይ ግን ገና ያልታጨደ ስንዴ አለ።