ለዳማ ባል ስንፈልግ

ልጅ ሳለሁ፣ ብሩክሊን ፓርክ በነበረው አፓርትመንታችን፣ ከእራት በፊት ተረት የሚነግሩኝ የእናቴ አባት ነበሩ። አባባ አርሲ ውስጥ ከፈረስ ጋር ያደጉ ሰው ናቸው፤ እዚህ በስደት አገር ደግሞ ከከተማው ወጣ ባለ የእሽቅድምድም ፈረሶች እርባታ ጋጣ ያጸዱ ነበር። ከሥራ ሲገቡ ድርቆሽ ድርቆሽ እየሸተቱ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ይከፍቱና፣ ብረቱ እንደ ፍም ሲቀላ እጃቸውን እያሞቁ ይጀምሩልኛል። እናቴ ምድጃ ማብሰያ ነው ብትል አይሰሟትም።

በፈረንጆቹ 2017፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ፣ የእርባታው ባለቤት አባባ ዳማ የሚሏትን ባዝራ ልትሸጥ ተነሳች። ዳማ ሁለት ጊዜ ወልዳ ሁለቱም ለሩጫ አልሆኑም። አባባ ለመኗት። ሴትዮዋም «አንድ ዕድል ልስጣት፤ ድንጉላውን አንተ ምረጥላት፤ ይሄኛውም ካልሆነ ግን ትሸጣለች» አለቻቸውና የድንጉላዎችን ዘር የሚዘረዝር መጽሐፍ ሰጠቻቸው። አባባ ሥራ ቦታ በኦሮምኛ የሚያወሯት ያቺን ባዝራ ብቻ ነበር።

ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው አንባቢያቸው እኔ ሆንኩ። ደንቡ ባዝራዋ የጎደላትን የሚሞላ ድንጉላ መፈለግ ነው። የዳማ የፊት እግሮች ትንሽ ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ የእሱ ቀጥ ያሉ መሆን ነበረባቸው። አባባ ይህን አሳምረው ያውቁታል። ግን ለእሳቸው ጋብቻ ጋብቻ ነው፤ መጀመሪያ ዘር ይቆጠራል፣ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም።

«ቁጠሪ፣ ሲፈኔ።»

«አባባ፣ ሪሌትድ ናቸው። የእሱ ግራንድፋዘር የሷም ነው።»

«ውይ፣ ነውር! እለፊው።»

ያኔ አባባ ለተባረረው ድንጉላ ሁሉ ተረት ነበራቸው፤ ሽማግሌ ልኮ ከደጅ የተመለሰው፣ ዘሩን ሲጠየቅ አያቱ ላይ የጠፋበት፣ በእልህ አገር ጥሎ የሄደው። ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ እነዚህ ፈረሶች ሁሉ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው አለች። አባባ አልሳቁም። ከብዙ ቀን በኋላ አንድ ጥቁር ድንጉላ ተገኘ። መጽሐፉ የሚያሳየው አምስት ትውልድ ብቻ ነው፤ በአምስቱም ከዳማ ጋር አይገናኝም።

«የቀሩትን ሁለቱን አላህ ያውቃቸዋል» አሉና የሠርጉን ተረት ጀመሩ።

እኔ በስልኬ የድንጉላውን ቪዲዮ ከፍቼ ነበር። ወደ ካሜራው ሲራመድ ሁለቱም የፊት ኮቴዎቹ ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ ልክ እንደ ዳማ። አየሁት። ደጋግሜም አየሁት። አባባ ግን በተረታቸው ሙሽራዋን ከቤት እያስወጡ ነበር፣ ፊታቸውም እንደዚያ በርቶ አያውቅም፤ ተረቱ እንዳይቋረጥ ዝም አልኩ። በማግስቱ ሴትዮዋ ደውላ «እግሩንስ አያችሁት?» ስትል አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ለአባባ ሳልነግራቸው «የስ» አልኩ።

ዳማ በዓመቱ፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ ወለደች። ውርንጭላው ሲቆም ሁለቱ የፊት እግሮቹ ተጠማዝዘው ይጋጫሉ። ሐኪሙ ዳበስ ዳበስ አድርጎ አይሮጥም አለ። እናትና ልጅን አንድ ላይ ተጎታች መኪና ላይ ሲጭኗቸው አባባ የዳማን አንገት ይዘው ቆዩ። እኔ ቆሜ ጓንቴን አያለሁ። ምንም አልተሰማኝም፤ ቅዝቃዜው እንኳ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ጥፋቱ የኔ ዓይን ነው እንጂ» አሉ አባባ። «ያንቺማ ጥሩ ነው። ብታዪው ኖሮ ትነግሪኝ ነበር።»

«አዎ» አልኳቸው።

ሳያውቁ ሞቱ። ያን ቀንም አላለቀስኩም፤ ሰው ሲያቅፈኝ ትከሻ እየሰጠሁ ዋልኩ። ዛሬ በደንብ የማስታውሰው የዚያን ድንጉላ አረማመድ ነው። የሠርጉን ተረት ግን ከሙሽራዋ መውጣት ወዲያ አላውቀውም፤ እንዳይቋረጥ ብዬ ዝም ያልኩለትን ተረት፣ ኮቴውን እያየሁ አልሰማሁትም።