ከጽዋው በፊት የተነገረ ነገር

የጠላና የኮባ ዳቦ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ የዚያ ዓመት የኅዳር ማርያም ማኅበር ይታወሰኛል። በቤታችን የነበሩት የንስሐ አባታችን መምሬ አየነው፣ ሙሴ የምንላቸው የማኅበሩ መሪ አያ ጥሩነህ፣ የክርስትና እናቴ የሽወርቅና ባሏ አያ ተገኘ፣ ልጃቸው ሙሉነሽ፣ ሦስት ጎረቤቶች ከነሚስቶቻቸው፣ እናቴና እኔ ነበርን። አባቴ ብቻ አልነበረም።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ከሰፈረ ወዲህ አባቴ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ነበር። ክረምት ሲሆን ግን፣ ወንዙ ሞልቶ ባንዳዎቹ ወደ መንደራችን መሻገር ስለሚያቅታቸው፣ እየመጣ ያድር ነበር። እናቴ ለሰው ሁሉ «ከሄደ ወዲህ ድምፁንም አልሰማሁ» ትል ነበር፤ እኔንም እንዲሁ እንድል አስተምራኝ ነበር።

መስከረም ሊጠባ ሲል ከሙሉነሽ ጋር እንግጫ ልንነቅል ወጣን። እንግጫ በእኛ አገር ልጃገረዶች ለአዲስ ዓመት እየዘፈኑ ነቅለው የሚጎነጉኑት ሣር ነው። ረጅሙን እኔ ቀድሜ ስለነቀልኩ ተጣላን፣ ተነጫጨን። ያኔ ሙሉነሽ «ቆይ አንቺ! አባትሽ እየመጣ እንደሚያድር ለባንዳዎቹ ባልነግርብሽ ሙሉነሽ አይደለሁም» አለችኝ። አንድ ቀን እኛ ቤት አድራ አይታው ይሆናል።

ለእናቴ ስነግራት ያዘለችውን እንስራ አውርዳ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ደግሜ እንድነግራት አደረገች። ከዚያ ወዲያ እህል አልበላ አላት። ለየሽወርቅ ብትነግር አባቴ እንደሚመጣ በገዛ አፏ ማረጋገጧ ነው፤ አያ ተገኘም ቁጡ ስለነበር ልጅቷን ይገርፋታል፣ የተገረፈች ልጅ ደግሞ እልህ ይዟት የዛተችውን ታደርገዋለች። ባትነግር ግን የአባቴ ነፍስ በአንዲት ሕፃን አፍ ላይ ተንጠልጥላ ልትከርም ነው። አባቴን ስታማክረው ሳቀባት። «የጣሊያን መትረየስ ያልገደለኝን የእንግጫ ጠብ ሊገድለኝ ነው?» አላት። እሷ አልሳቀችም። ለማንም ሳትናገር የየሽወርቅን ደጅ መርገጥ ብቻ ተወች።

በኅዳር ማኅበሩን የመደገስ ተራ የእናቴ ሆነ። በማኅበራችን ቂም ይዞ ጽዋ መቅመስ ኃጢአት ነበር። መምሬ አየነው ጽዋውን ባርከው ሊያነሡ ሲሉ የሽወርቅ ተነሥታ፣ አበልጇ ከመስከረም ወዲህ ፊቷን እንደነሣቻት ተናገረች። እናቴ የልጆች ጠብ ነው ብላ ልታልፈው ሞከረች። አያ ጥሩነህ ግን በደሉ ሳይነገር ይቅርታ እንደማይጠየቅ የማኅበሩን ደንብ አስታወሷት።

«በእመቤታችን ጽዋ ይዤሻለሁ፣ አበልጄ» አለች የሽወርቅ፤ «ልጄ ምን አለች?»

እናቴ መሬት መሬት እያየች ሁሉንም ተናገረች። ሙሉነሽ ከበሩ ሥር ሆና ታለቅስ ጀመር። የሽወርቅ እናቴን አቅፋ ሳመቻት፣ ሁለቱም ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ፣ ጽዋውም ዞረ። አባቴ እየመጣ እንደሚያድር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ሙሉ ሰው ዐወቀ።

በታኅሣሥ አባቴ ጤፉን ሊያበራይልን በወረደ ጊዜ ባንዳዎቹ ማንንም ሳይጠይቁ በቀጥታ አውድማው ላይ መጡ። ቡሬ ወሰዱት፤ ከዚያ አልተመለሰም።

አገሩ ሁሉ «ሙሉነሽ ናት» አለ። እናቴ ሐዘን ላይ ተቀምጣ፣ ልጅቷ ንዳድ ይዟት ከመደብ ሳትወርድ እንደሰነበተች፣ በማን እግር ቡሬ ሄዳ እንደምትናገር ብትጠይቅ ሰሚ አላገኘችም። ከጽዋ ተጣጪ ይልቅ ሕፃን መጠርጠር ለሁሉም ቀለላቸው። አያ ተገኘ ገርፎ ገርፎ ወደ መራዊ ላሉ ዘመዶቹ ሰጣት። ስትሄድ በደጃችን አለፈች። «አልተናገርኩም» አለችኝ። ምን እንደምላት ጠብቃ መንገዷን ቀጠለች።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላይ ልጆች አሳድጋለሁ። የጎረቤት ልጅ «እገድልሃለሁ» አለኝ ብሎ ልጄ ሲመጣ ቃሉን አስደግመዋለሁ፣ ከዚያ እናትየዋን ከሰው ለይቼ እነግራታለሁ። እሷ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ፣ ልጆቹም በነጋታው አብረው ይሮጣሉ። እናቴ ይህን ያህል እንኳ አልተፈቀደላትም። ያን ጽዋ የጠጡት አብዛኞቹ አርፈዋል፤ ከመካከላቸው የትኛው ቡሬ እንደወረደ የነገረኝ የለም።

የአያ ተገኘ ልጅ ሙሉነሽ በሕይወት ካለች ያለችበትን፣ ካረፈችም የተቀበረችበትን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።