የሱሉልታው ፒክአፕ አራት ቸርኬዎች

ቡራዩ ውስጥ፣ በአምቦ መንገድ ዳር በነበረው ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት መፍቻ አልተሰጠኝም። አለቃዬ አቶ ዓለሙ ሦስት ቸርኬዎች መሬት ላይ ደርድረው፣ ሁለቱ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ናቸውና የትኞቹ እንደሆኑ ንገረኝ ብለውኝ ሄዱ። ሦስቱም ጥቁር፣ ሦስቱም ባለ አምስት ቀዳዳ ነበሩ። ቀለማቸውንና ዝገታቸውን ሳነጻጽር ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው የተሳሳትኩትን አዩና፣ ቀለም የሚያይ ገዢ ነው፣ አንተ ቀዳዳውን እይ አሉኝ።

አቶ ዓለሙ የጦር ሠራዊት የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ጎሚስታነትን የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ጎማ መለጠፍ በወር ይለመዳል። ለአሮጌ መኪና የሚሆን ቸርኬ መምረጥ ግን ዓመታት ወሰደብኝ።

የሚለካው አራት ነገር ነው። በብሎኖቹ መካከል ያለው ርቀት፣ የመሐለኛው ቀዳዳ ስፋት፣ ቸርኬው ወደ ውስጥ የሚገባበት ልክ፣ በመጨረሻም የብሎኑ ማሰሪያ ዳዶ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ። የመጨረሻው በካሊፐር መለኪያ አይያዝም። ዳዶው በዘይት የተለወሰ ጥላሸት ይቀባል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይፈታል። ቸርኬው ላይ ሙሉ ጥቁር ቀለበት ከታተመ ሁለቱ ተገናኝተዋል። ቀለበቱ ከተቆራረጠ አልተገናኙም። ዛሬ ቢጠብቅም ውሎ አድሮ ይላላል።

ኦቦ ጉደታ ወደ እኛ የመጡት ሥራውን ከጀመርኩ በስድስተኛው ዓመት ነው። የሱሉልታ ሰው ናቸው። ከየገበሬው ቤት ወተት ሰብስበው፣ በእንጦጦ ቁልቁለት አዲስ አበባ ያወርዳሉ። ፒክአፓቸው አሜሪካ ሠራሽ ሆኖ ብዙ ዘመን ያየ ነው። ሞተሩ ደህና ነበር፤ አራቱም ቸርኬዎች ግን ደጋግመው ተበይደው፣ በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ተሰነጣጥቀዋል።

በዚህ ቸርኬ ከእንግዲህ እንጦጦን መውረድ እንደሌለባቸው ነገርኳቸው።

«እኔም ስንት ቦታ ተበይጃለሁ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ እየሳቁ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «እስካሁን እሄዳለሁ።»

ሳቁ እንጂ ነገሩን አልናቁትም። አዲስ አበባ መለዋወጫ መደብሮች ሄደን ጠየቅን፤ የዚያ ሞዴል ዕቃ መምጣቱን ካቆመ ቆይቷል አሉን። ቆይቶ አንድ ሾፌር፣ ሰበታ አቶ ታምራት የሚባሉ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ተመሳሳይ ፒክአፕ ቆሞ አየሁ አለን። አብረን ሄድን።

መኪናው ሸራ ለብሶ ቆሟል። ከኦቦ ጉደታው ጋር የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ዓመት ሥራ ነው። ቸርኬዎቹን አንድ በአንድ አውልቄ ለካሁ። ርቀቱ ልክ፣ የመሐል ቀዳዳው ልክ፣ ጥቁሩ ቀለበት በሃያውም ቀዳዳ ላይ ሙሉ። እንዲህ ያለ ግጣም በዓመት አንዴም አይገኝም። ኦቦ ጉደታ የመኪናውን ክንፍ እየዳሰሱ፣ ይህን የመሰለ ዕቃ ለምን እንደቆመ ጠየቁ።

አቶ ታምራት አልደበቁም። በዚህ መኪና ዓለም ገና አጠገብ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ገጭተው ገድለዋል። የፖሊሱ ጉዳይ አልቋል። ጉማው፣ ማለትም የደም ዕርቁ፣ ገና ነው፤ ሽማግሌዎች አዝመራ እስኪሰበሰብ ቀጠሮ ሰጥተዋል።

ኦቦ ጉደታ እጃቸውን ከመኪናው ላይ አነሱ።

«ሽማግሌ ሳይቀመጥ ከዚህ መኪና አንድ ብሎን አልወስድም።»

አቶ ታምራት፣ ቸርኬው ምን አደረገ፣ ደግሞስ ሱሉልታ ማን ያውቅብዎታል ብለው ተከራከሩ።

«እኔ አውቃለሁ» አሉ ኦቦ ጉደታ። ዕርቁ እንዳለቀ ለመውሰድ ብቻ ተስማሙና ወጣን።

ወተት አዝመራ እስኪሰበሰብ አይጠብቅም። በጋራዡ ጓሮ ከሌላ ፋብሪካ የመጡ አራት ባለ አምስት ቀዳዳ ቸርኬዎች ነበሩን። ለካኋቸው። የብሎኖቹ ርቀት አንድ ነው። የመሐሉ ቀዳዳ በሁለት ሚሊሜትር ይሰፋል። ጥላሸቱን ቀብቼ ስፈታ ቀለበቱ ሦስት ቦታ ተቆራርጧል። ለአቶ ዓለሙ አሳየኋቸው።

«አምስቱም ገብቷል አይደል?» አሉኝ።

ገብቷል፣ ግን አልተቀመጠም አልኳቸው።

«እስከ ዕርቁ ነው። ሰውዬው ይህን ያህል ጊዜ ወተቱን ሜዳ ላይ ይድፋ?»

የሚገጥመው ግን የእኔ እጅ ነበር። ገጠምኩት። ለኦቦ ጉደታ የዳዶ መፍቻ ሰጥቼ፣ በየጠዋቱ ወተት ከመጫናቸው በፊት ሃያውንም እንዲያጠብቁ ነገርኳቸው።

«ጸሎት ጨመርክብኝ በለኛ» አሉ።

አላጓደሉም። ሁለት ጊዜ ለምርመራ ሲመጡ ዳዶዎቹን ጥብቅ ሆነው አገኘኋቸው። በሁለተኛው ጊዜ ግን የፊት ግራውን ሳወልቅ፣ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ሲያብረቀርቅ አየሁ። ቸርኬው ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። በማስታወሻዬ ጻፍኩት። የዕርቁ ቀን ቀርቦ ስለነበር ለማንም ሳልናገር መልሼ ገጠምኩት።

ዕርቁ በደረሰበት ሳምንት ኦቦ ጉደታ ወደ ሰበታ አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። ዕርቁ እንዳለቀ ቸርኬዎቹን በዚያው ልናወልቅ ነው። የዕለቱን ወተት እንዲያወርድ ፒክአፑን ለሚስታቸው ወንድም ለለሜሳ ሰጡት። ለሜሳ የረጋ ሾፌር ነበር፤ ለሰው መኪና ሲነዳ ዓመታት ቆይቷል። ሁለት ልጆች ነበሩት።

ሰበታ ላይ ሽማግሌዎቹ ጠዋት ተቀመጡ። እኛ ራቅ ብለን ጠበቅን። የሟች ወገንና የአቶ ታምራት ወገን ፊት ለፊት ሆነው ብዙ ተናገሩ፤ በመጨረሻ በግ ታርዶ ከአንድ ገበታ በሉ። እኛንም ጠሩን። ከምሳ በኋላ ክሪኩን አስገባሁና አራቱን ቸርኬዎች አወለቅን። ኦቦ ጉደታ ውኃ ለምነው በገዛ እጃቸው አጠቧቸው። አውቶቡስ ላይ አስጭነን ቡራዩ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

ጋራዡ በር ላይ አንድ የሱሉልታ ሰው ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ለኦቦ ጉደታ በኦሮምኛ ነገራቸው። እሳቸው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ለእኔ በአማርኛ ደገመልኝ። ጠዋት እንጦጦ ቁልቁለት ላይ የፊት ግራው ቸርኬ ወልቆ፣ ፒክአፑ ገደል ገብቷል። ለሜሳ እዚያው ሞቷል።

በማግስቱ ቦታው ድረስ ሄድኩ። የቸርኬው ቀዳዳዎች ሞላላ ሆነዋል። ሁለት ብሎን ተቆርጧል፤ በቀሩት ላይ ዳዶ የለም። ኦቦ ጉደታ ለሰበታ መንገድ ጎሕ ሳይቀድ ከቤት ወጥተው ነበር። ዳዶ ማጥበቁን ለለሜሳ አልነገሩትም።

ከአርባው በኋላ ጋራዥ መጡ። ከስተዋል። አቶ ዓለሙ ወንበር ቢያቀርቡላቸው አልተቀመጡም። ወደ እኔ መጡ።

«የገጠምከው ዕለት፣ እንደማይሆን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልከለከልከኝም?»

«እርስዎ ያጠብቁታል ብዬ ነው።»

«እኔ የማውቀው ወተት ነው» አሉ። «ቸርኬ የምታውቀው አንተ ነህ።»

የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። ቀጥለውም የለሜሳ ወገኖች ሽማግሌ መላካቸውን፣ መኪናውን የሰጠ እሳቸው በመሆናቸው እሳቸው እንደሚጠየቁ ነገሩኝ። የምታውቀውን መጥተህ ተናገር አሉኝ።

አቶ ዓለሙ እንዳልሄድ መከሩኝ። ሄድኩ። ሱሉልታ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ የለካሁትን፣ ያየሁትን፣ ዝም ያልኩትን በቅደም ተከተል ተናገርኩ። አንዱ ወደ ኦሮምኛ መለሰልኝ። የለሜሳ ሚስት ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ሰማች። ማንም አልሰደበኝም። ዕርቁ በዚያ ቀን አላለቀም፤ ሲያልቅም ኦቦ ጉደታና የሚስታቸው ቤተሰብ እንደ ድሮው አልሆኑም። እሳቸውም ዳግም መኪና አልያዙም። የሰበታዎቹን ቸርኬዎች ከጋራዣችን አልወሰዷቸውም።

ከዚያ በኋላ በሥራው ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ደንበኛ ለምኖኛል፣ አለቃም ተቆጥቶኛል። በየጠዋቱ ካልጠበቀ የማይይዝ ቸርኬ አልተገጠመም ማለት ነው። ከጋራዥ አይወጣም።