ሄጄ የማላውቀው ካውንቲ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ኢንግልዉድ እየኖርኩ፣ ፓርኪንግ እየሠራሁ ኮሌጅ እማር ነበር። አስተማሪያችን ለእያንዳንዳችን አንድ የገጠር ካውንቲ፣ እንደ እኛ አገር ወረዳ ያለ፣ ሰጠንና ታሪኩን፣ መልክዓ ምድሩንና ሕዝቡን ጽፋችሁ አምጡ አለን። ለእኔ የደረሰኝ ካንሳስ ውስጥ፣ ሄጄ የማላውቀው ካውንቲ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጽሑፌን ስጨርስ በሩ ተንኳኳ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ባለቤታቸው እትዬና ሁለት ጓደኞቼ ነበሩ። ጋሼ ቅዳሜ ምግብ ቤታቸውን ዘግተው አያውቁም። እትዬ በዚያ ሙቀት ካፖርት ደርበዋል፤ ከሥሩ ጥቁር ቀሚስ ይታያል። አገር ቤት ያለችው እናቴ መታመሟን ሰምቼ ስለነበር ለምን እንደመጡ ገባኝ።

ተቀመጡ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ቀደምኳቸው። "የቤት ሥራዬን ላንብብላችሁ" አልኩ።

ካውንቲው ሁለት ወንዞች አሉት። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ስንዴ ያበቅላል። ባቡር ሲገባ ከተማው አደገ፤ ባቡሩ ሲቀር ሱቆቹ ተዘጉ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ጋሼ በየመሀሉ "እሺ" ይሉኛል። ምንም አልተሰማኝም፤ ትዕግሥታቸው ብቻ አናደደኝ።

ስለ ሕዝቡ የጻፍኩት ጋ ደረስኩ። ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ሩቅ አገር ሄደዋል፤ የቀሩት አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ናቸው።

"ታዲያ ማን ይቀብራቸዋል?" አሉ እትዬ፤ ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"እሱን አልጻፍኩም" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የማነበው አልነበረኝም።